የአባት ዜግነት ለልጅ ዕዳ

አሥራ አምስት የአውስትራሊያ እንደራሴዎች ወንበራቸውን ያጡበት ታሪክ

በኤፕሪል 2017 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ጆሮ የሚቀርብ አንድ ስም ተነሣ። ሉሲ ጊቹሂ ይባላሉ። በኬንያ በኒዬሪ አካባቢ ተወልደው አድገው፣ በ1999 ከባለቤታቸውና ከሦስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ወደ አደላይድ ከተማ ተሻግረው፣ በጎልማሳነት ዕድሜያቸው ሕግ ተምረው ጠበቃ የሆኑ ሴት ናቸው። በ2016ቱ ምርጫ ፋሚሊ ፈርስት የተባለው አነስተኛ ፓርቲ ሁለተኛ ዕጩ ነበሩ። የፓርቲው ቀዳሚ ዕጩ ቦብ ዴይ ከመንግሥት ጋር በነበራቸው የቢሮ ኪራይ ጉዳይ ምክንያት የሴኔት ወንበራቸውን ሲያጡ፣ ተራው ወደ ወይዘሮ ጊቹሂ ዞረ።

ወዲያው ግን ጥያቄ ተከተለ። የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ ጠበቆች «ሴትዮዋ ዛሬም ኬንያዊት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከሆኑም በሴኔት ሊቀመጡ አይችሉም» የሚል ጥርጣሬ አቀረቡ። መልሱ የተገኘው ከኬንያ የቀድሞ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነበር። ያ ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ኬንያዊ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ሲቀበል ኬንያዊነቱ ወዲያው እንዲቀር ያደርግ ነበር። ወይዘሮ ጊቹሂ አውስትራሊያዊት የሆኑት በ2001 ነው። የ2010ሩ አዲስ የኬንያ ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ቢፈቅድም፣ ቀድሞ ዜግነቱን ያጣ ሰው አመልክቶ ካላስመለሰ በቀር በራሱ ጊዜ የሚመለስለት ነገር የለም። ፍርድ ቤቱ ጥርጣሬውን አልተቀበለም፤ ኤፕሪል 19 ቀን ወይዘሮ ጊቹሂ ተመራጭ መሆናቸው ታወጀ። ጥቁር አፍሪካዊ ዝርያ ካላቸው ሰዎች መካከል ወደ አውስትራሊያ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሰው ሆኑ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የአንዲት ስደተኛ ሴት የስኬት ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጥያቄ ወደ ሌሎቹ ዞረ። ከሩቅ የመጡት ኬንያዊት በፓርላማ ጸንተው ሲቀመጡ፣ «እኛ የአገሩ ባለቤቶች ነን» ብለው አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥረው የማያውቁ እንደራሴዎች በየተራ ወንበራቸውን መልቀቅ ጀመሩ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ማዕበል ታሪክ ይተርካል፤ ከታሪኩም ለእኛ፣ ልጆቻችንን በሰው አገር ለምናሳድግ ሰዎች፣ የሚተርፈውን ቁም ነገር ይመለከታል።

የጠፉት ቃላት

አውስትራሊያ ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተዋሕደው በጃኑዋሪ 1 ቀን 1901 የመሠረቷት ፌዴሬሽን ናት። ሕገ መንግሥቷ የተረቀቀው ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት፣ የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች በየከተማው እየተሰበሰቡ በተከራከሩባቸው ጉባኤዎች ነው። በዚያ ሰነድ ውስጥ 44ኛው አንቀጽ ለፓርላማ መመረጥም ሆነ በፓርላማ መቀመጥ የማይችሉ ሰዎችን ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ቀዳሚው ለባዕድ መንግሥት ታማኝነት ያለበትን፣ የባዕድ መንግሥት ተገዢ ወይም ዜጋ የሆነውን፣ ወይም የተገዢነትና የዜግነት መብት የሚገባውን ሰው የሚመለከተው ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ ፈላጊውን ቆም የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች እንዲህ አይሉም ነበር። በ1891 በተዘጋጀው ረቂቅና እስከ 1897 በቆዩት ተከታዮቹ፣ ከምርጫ የሚታገደው በራሱ ድርጊት ለባዕድ የታመነ ሰው ነበር፤ ይኸውም ለሌላ ንጉሥ መሐላ የፈጸመ ወይም አስቦበት የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ማለት ነው። ነገር ግን በ1898 የመጨረሻው ጉባኤ በሜልቦርን ሊዘጋ ሲቃረብ፣ በኤድመንድ ባርተን የሚመራው የአርቃቂ ኮሚቴ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ይህንንም አንቀጽ ለውጦ አቀረበ። በጉዳዩ ላይ ክርክር ሳይደረግበት አለፈ። «በራሱ ድርጊት» የሚለው ሐሳብ ጠፋ፤ በቦታው «ተገዢ ወይም ዜጋ የሆነ» የሚል ደረቅ ቃል ተተካ። ባርተን ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ የጥድፊያ ሰዓት የተለወጡት ጥቂት ቃላት ከአንድ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የአንድ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርን ወንበር እንደሚገለብጡ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ለአርቃቂዎቹ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በዚያ ዘመን «አውስትራሊያዊ ዜጋ» የሚባል ነገር አልነበረም። በሲድኒ የተወለደውም በለንደን የተወለደውም፣ በኦክላንድም ሆነ በቶሮንቶ የሚኖረውም ሁሉም የአንዲት ንግሥት የቪክቶሪያ ተገዢ ነበር። «ባዕድ» ሲባል ጀርመን፣ ፈረንሳይ ወይም ሩሲያ ማለት ነው። የአውስትራሊያ ዜግነት በሕግ የተፈጠረው በ1949 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ፣ ካናዳና ኒውዚላንድ ከአውስትራሊያ ጋር አንድ ዘውድ እየተጋሩ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። የሕገ መንግሥቱ ቃል ሳይለወጥ በዙሪያው ያለው ዓለም ተለወጠ። ትናንት ወንድም የነበረው አገር ዛሬ በሕግ ዓይን «ባዕድ» ሆነ።

ጥብቅ ይመስል የነበረው አንቀጽ በጥንቱ ዘመን እንኳ ምን ያህል ሳይጠየቅ ይታለፍ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1904 ለጥቂት ወራት አውስትራሊያን የመሩት፣ በዓለም የመጀመሪያውን ብሔራዊ የሠራተኞች ፓርቲ መንግሥት ያቋቋሙት ክሪስ ዋትሰን፣ የተወለዱት በቺሊ በቫልፓራይሶ ወደብ ነው። ወላጅ አባታቸው የጀርመን ዝርያ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ «ዋትሰን» የሚለው ስም የእንጀራ አባታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ ይህ ስላልታወቀ ማንም አልጠየቃቸውም። ቢጠየቁ ኖሮ በፓርላማ ለመቀመጥ ባልበቁም ነበር።

የማስጠንቀቂያ ደወሎች

አንቀጹ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንደ ተኛ አንበሳ ተጋድሞ ቆየ። በ1992 ግን ነቃ። በሜልቦርን የዊልስ የምርጫ ክልል የማሟያ ምርጫ ክርክር ሲታይ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት (ስሙ እንዲህ ቢሆንም ከእርሱ በላይ ሌላ ፍርድ ቤት የለም) በግሪክና በስዊዘርላንድ የተወለዱ ሁለት ዕጩዎች የትውልድ አገራቸውን ዜግነት ለመተው የሚገባውን እርምጃ ሁሉ ስላልወሰዱ ብቁ እንዳልነበሩ ገለጸ። በ1999 ደግሞ የበለጠ የሚያስደነግጥ ፍርድ መጣ። ባለፈው ዓመት ለሴኔት የተመረጡት በእንግሊዝ የተወለዱት ሄዘር ሂል ምርጫው ሲካሄድ የእንግሊዝ ዜግነታቸውን ገና ስላልተዉ ወንበራቸውን አጡ። ፍርዱ የተሰጠው በአራት ለሦስት ድምፅ ሲሆን፣ እንግሊዝ ለአውስትራሊያ «ባዕድ መንግሥት» መሆኗ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተነገረ።

እንግዲህ ደወሉ ሁለት ጊዜ ተደውሏል። አንቀጹ እንዲሻሻል የሚመክሩ ጥናቶችም ለፓርላማና ለመንግሥት ቀርበዋል። ያም ሆኖ ፓርቲዎቹ ትምህርቱን ለስደተኞች ብቻ የተነገረ አድርገው የወሰዱት ይመስላል። ከኢራን፣ ከግብፅ ወይም ከሌላ ሩቅ አገር የመጣ ዕጩ ወረቀቱን አስቀድሞ እንዲያጸዳ ይደረግ ነበር። በኢራን የተወለዱት ሴናተር ሳም ዳስትያሪ ኢራናዊ ዜግነታቸውን ለመተው ለሕግ ባለሙያ ሃያ አምስት ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያህል እንዳወጡ ተናግረዋል። አባቱ ከስኮትላንድ የመጣን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል?

የ2017ቱ ማዕበል

ጁላይ 14 ቀን 2017 የግሪን ፓርቲ ምክትል መሪ የነበሩት ሴናተር ስኮት ሉድላም መልቀቃቸውን አስታወቁ። በኒውዚላንድ ተወልደው ገና በሕፃንነታቸው ከዚያ የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የአውስትራሊያን ዜግነት ሲቀበሉ የቀድሞው የቀረ መስሏቸው ነበር። አንድ የፐርዝ ከተማ ጠበቃ መዝገብ አገላብጦ ኒውዚላንዳዊነታቸው አለመቋረጡን ደረሰበት። ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር በአንድ ወረቀት ሄደ።

በአራተኛው ቀን የፓርቲው ሌላዋ ምክትል መሪ ላሪሳ ዎተርስ እንባ እየተናነቃቸው ተከተሏቸው። እርሳቸው ከአውስትራሊያውያን ወላጆች በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ የተወለዱና የመጀመሪያ ልደታቸውን እንኳ ሳያከብሩ ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። የካናዳ የዜግነት ሕግ የተለወጠው እርሳቸው በተወለዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ያቺ የአንድ ሳምንት ልዩነት በአርባ ዓመታቸው ከሴኔት አወጣቻቸው።

የመንግሥቱ ወገን በዚህ ጊዜ ተደስቶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል የግሪን ፓርቲን በዝርክርክነት ነቀፉ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የራሳቸው የካቢኔ አባል ሴናተር ማት ካናቫን እናታቸው ሳያሳውቋቸው በጣሊያን ዜግነት እንዳስመዘገቧቸው ገልጸው ሚኒስትርነታቸውን ለቀቁ። ኦገስት 14 ቀን ደግሞ የባሰው መጣ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ አባታቸው በኒውዚላንድ የተወለዱ በመሆናቸው ብቻ ሲወለዱ ጀምሮ ኒውዚላንዳዊ ሆነው መገኘታቸውን ለፓርላማው ተናገሩ። ጆይስ የገጠር ሰው፣ የገበሬዎች ወኪል፣ ባርኔጣቸው ሳይቀር የአውስትራሊያን ገጠር የሚያስታውስ ፖለቲከኛ ናቸው። እርሳቸው ባዕድ ከሆኑ አገሬው ማን ሊሆን ነው የሚለው ጥያቄ በየሰዉ አፍ ገባ። በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ከ150 ወንበሮች 76ቱን ብቻ ይዞ በጠባብ ብልጫ የቆመ ስለነበር፣ የአንድ ሰው ዜግነት የመንግሥት ህልውና ጉዳይ ሆነ። ያም ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክትላቸው ብቁ መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ እንደሚያረጋግጥ በሙሉ ልብ ለምክር ቤቱ ተናገሩ።

የሰባቱ ዳኞች ፍርድ

የሰባት እንደራሴዎች ጉዳይ በአንድነት ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ክርክሩ ሲጠቀለል አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሰው በማያውቀው ነገር ይጠየቃልን? የመንግሥቱ ጠበቆች አንቀጹ የታማኝነት መከፈልን ለመከላከል የተጻፈ መሆኑን፣ ሰው ደግሞ መኖሩን ለማያውቀው ዜግነት ታማኝ ሊሆን እንደማይችል አስረዱ። ሐሳቡ ለተራ ሰው ልቡና ቅርብ ነው።

ኦክቶበር 27 ቀን 2017 ሰባቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱ። አለማወቅ ሰበብ ሊሆን አይችልም አሉ። የእንደራሴው የልብ ዕውቀት እየተመረመረ ብቃቱ የሚወሰን ከሆነ ሕጉ እርግጠኝነት ያጣል፤ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው ወረቀቱን አስቀድሞ መመርመር የራሱ ግዴታ ነው አሉ። ከዚህ ደንብ የሚያመልጠው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም ሊተወው የሚችለውን እርምጃ ሁሉ ወስዶ ሳለ የባዕዱ አገር ሕግ መውጫ የከለከለው ሰው። በዚህም መሠረት ሉድላም፣ ዎተርስ፣ ጆይስ፣ በስኮትላንዳዊ አባታቸው በኩል እንግሊዛዊት የሆኑት ሴናተር ፊዮና ናሽና በሕንድ ከዌልሳዊ አባት የተወለዱት ሴናተር ማልኮም ሮበርትስ ሲመረጡ ብቁ አልነበሩም ተባለ። ካናቫን ጣሊያናዊ መሆናቸው በማስረጃ ስላልጸና ዳኑ። አባታቸው ከቆጵሮስ የመጡት ሴናተር ኒክ ዜኖፎንም የነበራቸው የእንግሊዝ ወረቀት ወደ እንግሊዝ የመግባትም ሆነ የመኖር መብት የማይሰጥ በመሆኑ ነፃ ወጡ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፍርዱን የሰማ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያው ቀን ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነትም ከእንደራሴነትም ወጣ። ፖሊስ አልተጠራም፤ ዳኞቹን የወቀሰ ሹም አልተሰማም፤ ሕጉ ለባለሥልጣን ሲባል ሌላ ትርጉም አልተፈለገለትም። ሕጉ ጠማማ ነው የሚል ሰው እንኳ አፈጻጸሙ ቀጥ ያለ እንደነበር አይክድም። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ ወረቀት ላይ ያማረ ሕግ በኃያል ሰው ፊት ሲጎብጥ።

ሁለተኛው ዙር

ፍርዱ በሩን ከፈተ። የሴኔቱ አፈ ጉባኤ ስቲቨን ፓሪ፣ የቴኒስ ተጫዋች የነበሩት ጆን አሌክሳንደር፣ የታዝማኒያዋ ሴናተር ጃኪ ላምቢ፣ ሴናተር ስካይ ካኮሽኬ ሙር በኖቬምበር ወር ብቻ ተከታትለው ወጡ። ሁሉም በአባት ወይም በእናት በኩል በወረሱት የእንግሊዝ ዜግነት ነው። ከዚያም ሁሉም የፓርላማ አባላት የወላጆቻቸውንና የአያቶቻቸውን የትውልድ ቦታ ጭምር በመዝገብ እንዲያስታውቁ ተወሰነ። በፌብሩዋሪ 2018 የሌበሩ ዴቪድ ፊኒ ከዓመታት በፊት የእንግሊዝ ዜግነታቸውን ትቻለሁ ቢሉም ማስረጃውን ማግኘት ስላልቻሉ ለቀቁ።

የሌበር ፓርቲ እስከዚያ ድረስ የዕጩዎቹ ወረቀት አስቀድሞ በጥብቅ እንደሚመረመር ሲናገር ቆይቶ ነበር። እርሱም ከፈተናው አላመለጠም። ሴናተር ኬቲ ጋላገር የእንግሊዝ ዜግነታቸውን ለመተው ማመልከቻ ያስገቡት በ2016ቱ የዕጩዎች ምዝገባ ፊት ነው። የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ግን ተጨማሪ ማስረጃ ጠይቆ ጉዳዩን የጨረሰው ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ በኦገስት ወር ነው። ሜይ 9 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ ይህም አያድንም አለ፤ የእንግሊዝ ሕግ መውጫ ያዘገያል እንጂ አይከለክልምና። በዚያው ቀን ተመሳሳይ ጉዳይ የነበረባቸው አራት እንደራሴዎች፣ ጀስቲን ኪይ፣ ሱዛን ላምብ፣ ጆሽ ዊልሰንና ሬቤካ ሻርኪ፣ መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ከእነዚህ መካከል የሱዛን ላምብ ታሪክ ልብ ይነካል። የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ዜግነታቸውን መተዋቸውን ለመመዝገብ የወላጆቻቸውን የጋብቻ ማስረጃ ይጠይቃቸዋል። እርሳቸው ደግሞ እናታቸው በልጅነታቸው ትተዋቸው የሄዱ በመሆናቸው ያንን ወረቀት ማግኘት እንደማይችሉ በፓርላማው ፊት ቆመው ለመናገር ተገደዱ። አንዲት ሴት ለአገሯ ታማኝ መሆኗን ለማስረዳት የእናቷን ጥሎ መሄድ በአደባባይ ማውራት ነበረባት። የሕግ ቃል ከሰው ኑሮ ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ድምፅ ይህን ይመስላል።

ሒሳቡ ሲወራረድ

ከጁላይ 2017 እስከ ሜይ 2018 ባሉት ዐሥር ወራት አሥራ አምስት እንደራሴዎች ወንበራቸውን አጡ፤ ስምንቱ ከሴኔት፣ ሰባቱ ከታችኛው ምክር ቤት። ዝርዝሩን በዜግነት ስንከፍለው ግን ሊቃውንቱም ብዙ ያልተናገሩበት አንድ ነገር ይወጣል። አሥራ ሁለቱ የተገኘባቸው የእንግሊዝ ዜግነት ነው፤ ሁለቱ የኒውዚላንድ፤ አንዷ የካናዳ። በዚያን ጊዜ የሦስቱም አገሮች ርእሰ ብሔር ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። የአውስትራሊያም ርእሰ ብሔር እርሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱ እንደራሴ ወደ ፓርላማ ሲገባ እጁን አንሥቶ የማለው ለእርሳቸው ነው። ስለዚህ አሥራ አምስቱም «ለባዕድ መንግሥት ታማኝነት አለባችሁ» ተብለው የወጡት ለአንዲቱ ንግሥት በሁለት ወረቀት በመገዛታቸው ነው ማለት ይቻላል። ይጠረጠር የነበረው ስደተኛ አልወደቀም፤ የወደቀው የማይጠረጠረው ነው።

የመራጩ ሕዝብ ፍርድም መታየት ያለበት ነው። ከታችኛው ምክር ቤት ከወጡት ሰባት ሰዎች መካከል ስድስቱ የውጭ ዜግነታቸውን ትተው በማሟያ ምርጫ ዳግም ተወዳደሩ። ስድስቱም አሸነፉ። ጆይስ በዲሴምበር 2017 በኒው ኢንግላንድ የምርጫ ክልል ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ድምፅ አገኙ። ከሴኔቱ ከወጡትም ግማሾቹ ተመለሱ። ላሪሳ ዎተርስ በ2018 ወደ ሴኔት ተመልሰው በሜይ 2025 የግሪን ፓርቲ መሪ ሆነው ተመረጡ፤ ኬቲ ጋላገር በ2019 ተመልሰው በ2022 የፋይናንስ ሚኒስትር ሆኑ። ሕዝቡ በነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ሁለት አገር አላየም።

ታዲያ ለምን አንቀጹ አልተሻሻለም? በሜይ 2018 የፓርላማው የምርጫ ጉዳዮች ኮሚቴ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2016ቱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአውስትራሊያውያን 49 በመቶው ወይ ራሳቸው ወይም ከወላጆቻቸው ቢያንስ አንዱ በውጭ አገር የተወለዱ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ የመላው ሕዝብ አብላጫ ድምፅና ከስድስቱ ክፍላተ ሀገር የአራቱ ስምምነት በአንድነት ያስፈልጋል። ከ1901 እስከ 2023 ከቀረቡት 45 የማሻሻያ ጥያቄዎች ያለፉት 8 ብቻ ናቸው። ለፖለቲከኞች ወንበር ማመቻቻ የሚመስል ጥያቄ ይዞ ሕዝብ ፊት መቅረብን የደፈረ መንግሥት አልተገኘም። ከ2019 ጀምሮ ዕጩዎች ስለ ትውልዳቸው የሚጠየቁበት ቅጽ እንዲሞሉ ሆነ፤ አንቀጹ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

የአፍሪካ አገሮችም ይህን ፈተና ያውቁታል። በጋና ጄምስ ጃቺ ኩዌሰን የካናዳ ዜግነታቸውን ለመተው አመልክተው ማረጋገጫው ከዕጩነት ምዝገባ በኋላ ስለደረሰ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2023 ስማቸው ከፓርላማ መዝገብ እንዲሰረዝ አዘዘ። በቀጣዩ ወር በተደረገው ማሟያ ምርጫ የአሲን ኖርዝ ሕዝብ መልሶ መረጣቸው። የኬቲ ጋላገርን ታሪክ በሌላ አህጉር የሰማን ያህል ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ግን የወይዘሮ ጊቹሂ የትውልድ አገር ሕግ ነው። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በ78ኛው አንቀጹ የመንግሥት ሹማምንት ጥምር ዜግነት እንዳይኖራቸው ይከለክላል። ወዲያው ግን በሌላ አገር ሕግ አስገዳጅነት ዜጋ የተደረገና መውጫ ምርጫ ያልተሰጠው ሰው በዚህ ክልከላ እንደማይነካ ይደነግጋል። አውስትራሊያ በሕገ መንግሥቷ ፊደል ያላስቀመጠችውንና ዳኞቿ በትርጓሜ ያገኙትን መውጫ፣ ኬንያ በግልጽ ጽፋው ትገኛለች። ጠባብ በር ናት፤ በሩን ግን አርቃቂዎቹ አስበውበት ሠርተውታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንሄድ ሌላ መንገድ እናያለን። ከ1922 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ጀምሮ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 378 ይህንኑ አጽንቶ፣ በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለመቅረት እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዝም ካለ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270፣ «ቢጫ ካርድ» የምንለው፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት ሲመልስ የመምረጥንና የመመረጥን መብት ግን አላካተተም።

የዚህ ሕግ ጥብቅነት ብዙዎቻችንን ያስከፋናል፤ አገራቸው በር እንደዘጋችባቸው የሚሰማቸው ሞልተዋል። ነገር ግን የታሪክን ምፀት ተመልከቱ። በሜልቦርን የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነገ ለአውስትራሊያ ፓርላማ ልወዳደር ቢል፣ የወይዘሮ ጊቹሂን ያህል የሚረዳው ይህ ያስከፋው ሕግ ሊሆን ይችላል። አገሩ የለቀቀችው ሰው የሌላ አገር ፓርላማ በር አይዘጋበትም። ወንበራቸውን ያጡት አገራቸው ያልለቀቀቻቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ሕግ አውጪ ለአንድ አገር ብቻ ይታመን የሚለው ሐሳብ ስሕተት አይደለም። በአንድ ወንበር ተቀምጦ ለሁለት ጌታ ማገልገል እንደማይቻል አባቶቻችንም ያውቁታል። ስሕተቱ የገባው በ1898 በሜልቦርን «በራሱ ድርጊት» የሚለው ሐሳብ ከረቂቁ ሲወጣ ነው። ያ ሐሳብ ባለበት ሕጉ ሰውየውን ይጠይቀዋል፤ በሌለበት ግን የሰውየውን አባት፣ አንዳንዴም አያቱን ይጠይቃል። ታማኝነት ሰው የሚፈጽመው ነገር መሆኑ ቀርቶ የሚወርሰው ዕዳ ይሆናል።

በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በካርቱም ወይም ከዚያ ርቆ በሜልቦርን ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ለልጁ ስም፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና የዘመድ ፎቶግራፍ ያወርሳል። ሳያስበው ደግሞ በሩቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ የተጻፈ ዜግነት ሊያወርስ ይችላል። ያ ልጅ አድጎ ባደገበት አገር ሕዝብን ላገልግል ሲል፣ ከወረሰው ሁሉ በፊት የሚጠየቀው ስለዚያ መዝገብ ነው። ስለዚህ የልጆቻችንን ወረቀት ከትምህርት ማስረጃቸው ጋር ለይተን እናስቀምጥላቸው፤ የየት አገር ሕግ ምን እንደሚላቸውም እናስረዳቸው። ሱዛን ላምብ በፓርላማ ቆመው ሲፈልጓት የነበረችው ቁራጭ ወረቀት በአንዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ብትገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር።